ከፍትፍቱ ፊቱ

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን የአባቶች ተረት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብሎ ለመናገር ያስቸግራል። እንግዳ ወደ ቤት በገባ ጊዜ የሚቀርብለት ማዕድ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፤ የባለቤቱ ፊት የጠቆረ እንደ ሆነ እህሉ በጉሮሮ አይወርድም። ማዕዱ የደረቀ እንጀራ ብቻ ቢሆንም እንኳ፤ አቅራቢው ፊቱን ፈታ አድርጎ «ቤት ለእንግዳ» ያለው እንደ ሆነ እንግዳው ጠግቦና መርቆ ይነሣል።

ይህ ተረት ለማዕድ ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው ለመሥሪያ ቤቱም፤ ለትምህርት ቤቱም፤ ለፍርድ አደባባዩም የተነገረ ሆኖ እናገኘዋለን። ሰው ከሰው የሚፈልገው የሚሰጠውን ነገር ብቻ አይደለም፤ ሰጪው ዓይኑን አንሥቶ እንዲያየው ጭምር ነው። ይህን የታወቀ ነገር እንደ አዲስ ያስተማረኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንኮበር ያሳለፍሁት የሦስት ቀን ጉብኝት ስለ ሆነ፤ ለተማሪዎችና በመንግሥት ሥራ ላይ ለተሰማሩ ወጣቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ያየሁትንና የተሰማኝን ለመጻፍ ተነሣሁ።

አንኮበር ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በገብስ እርሻና በበግ መንጋ መካከል ያልፋል፤ ብርዱም አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነው። ከዚያ በኋላ ምድሩ በድንገት ያበቃና ዓይን ያለ ከልካይ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ማለዳ ጉሙ ከተራራው በታች እንደ ባሕር ተኝቶ ይታያል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ ቀስ እያለ እየተነሣ በቤቶቹ መካከል ያልፋል።

የዛሬ ጸጥታዋን የሚያይ ሰው ይህች ከተማ አንድ ጊዜ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ እንደ ነበረች ለማመን ይቸግረዋል። ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ካፒቴን ሐሪስ ወደ ሸዋ መጥቶ በ1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል በተዋዋለበት ዘመን የንጉሡ ዋና ከተማ አንኮበር ነበረች። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን መንግሥት በያዙ ጊዜ መናገሻቸው ያደረጉት ይህንኑ ስፍራ ነው። በኋላ ግን መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ወጣ፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ተቈረቈረችና መኳንንቱም፤ ነጋዴውም፤ ባለጉዳዩም ፊቱን ወደዚያ አዞረ። በቤተ መንግሥቱ ጉብታ ላይ ዛሬ የሚታየው ጥቂት የድንጋይ ግንብ ፍራሽና የጥንቱን አዳራሽ መልክ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የወረዳው ሥራ የሚካሄደው ከጉብታው ራቅ ብሎ ጎረቤላ በተባለው ስፍራ ነው። ከተማይቱ ሹመቷን አጥታለች፤ አንድ ነገር ግን አላጣችም፤ እርሱም ሰው ለሰው የሚሰጠው ጊዜ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ማለዳ በዚያው ተወልዶ በዚያው ከሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ጋር ሻይ ለመጠጣት ወጣን። ሻይ ቤቱ ከቆምንበት ይታያል፤ በአዲስ አበባ እርምጃ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ግን ለመድረስ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብን። መምህሩ ሰው ባየ ቁጥር ይቆማል፤ ባርኔጣውን ያነሣል፤ «እንደምን አደሩ? ልጆቹ ደኅና ናቸው? ገብሱ እንዴት ነው? ላሚቱ ወለደች?» እያለ ይጠይቃል። የተጠየቀውም በተራው ያንኑ ያህል ይጠይቃል። በዚህም መካከል «እግዚአብሔር ይመስገን» እና «አልሐምዱሊላህ» እየተፈራረቁ ይሰማሉ፤ ከበታች ካለው ቆላ የሚወጡት የአርጎባ ነጋዴዎችና የደጋው ገበሬዎች በዚያ አገር ከጥንት ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸውና።

እኔ በበኩሌ ትዕግሥቴ እያለቀ ሄደ። ሰዓቴን ደጋግሜ ማየቴን የተመለከተው መምህር ፈገግ ብሎ «ጋሼ፤ ሥራ እኮ ጀምረናል» አለኝ። ነገሩ የገባኝ ሻይ ቤት ከተቀመጥን በኋላ ነው። በዚያች አርባ ደቂቃ ውስጥ ሰውየው ሦስት ጉዳይ ጨርሷል። ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት የቀረው ተማሪ እናቱ ታማ መሆኗን ከጎረቤቷ ሰምቶ፤ ሲመሽ ሊጠይቃት ወስኗል። በውሃ ቦይ ምክንያት የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች እሑድ በሽማግሌ ፊት እንዲቀመጡ ከታላቅየው ቃል ተቀብሏል። ለዕድር ያልተከፈለ ገንዘብም ለምን እንዳልተከፈለ ተረድቷል። ለዚህ ሁሉ አንድ ወረቀት አልጻፈም፤ አንድ ጊዜም ስልክ አልደወለም። እኔ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ የቈጠርሁት ሰላምታ ለእርሱ የሥራው ዋና ክፍል ነበረ።

ይህ ልማድ ከሥራ ፈትነት የመጣ አይደለም። አገራችን በጽሕፈት ከመተዳደሯ በፊት በፊት ለፊት ነገር የተዳደረች አገር ናት። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ፤ አንዱ ለሌላው ቁራኛ ሆኖ እስከ ዳኛው ድረስ አብረው ይሄዱ ነበር። በዳኛው ፊትም ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በቃላቸው ይሟገቱ ነበር እንጂ፤ አንዱ ሌላውን በማያይበት ስፍራ አይካሰሱም ነበር። ሁለት ባላጋራዎች በአንድ ኩታ ተቋጥረው ያን ሁሉ ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ፤ በአንድ ምንጭ ሲጠጡ፤ በአንድ ዛፍ ጥላ ሲያርፉ፤ ከዳኛው ሳይደርሱ በመንገድ የታረቁት ስንት ይሆኑ ብዬ አስባለሁ። የባላጋራን ድካም በዓይን ማየት ራሱ ግማሽ ዕርቅ ነው።

ሆኖም ያለፈውን ሁሉ አወድሶ የዛሬውን ሁሉ መንቀፍ የብልህ ሰው ሥራ አይደለም። ከአንኮበር በታች ባለው አገር፤ በአልዩ አምባ አካባቢ፤ ካፒቴን ሐሪስ በመጣበት ዘመን ከጨውና ከጨርቅ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ገዢውና ሻጩ የሚሸጠውን ሰው ፊት ለፊት ያዩት ነበር፤ ነገር ግን የሚያዩት ጥርሱንና ጡንቻውን ነበር እንጂ ፊቱን አልነበረም። ስለዚህ ፊት ለፊት መቆም ብቻውን ሰውን ርኅሩኅ አያደርገውም፤ በፊትህ የቆመው እንዳንተ ያለ ሰው መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ደግሞም ትንሽ ከተማ የራሷ ሕመም አላት። ሁሉ ሁሉን በሚያውቅበት ስፍራ ሐሜት እንደ ጉሙ በየቤቱ ይገባል። ሹሙ ለሚያውቀው ሰው ማዳላቱም የማይቀር ነው። በዚህ ረገድ ፋይሉና ደብዳቤው የተናቁ መሆን የለባቸውም፤ ዘመድ ለሌለው፤ ከሩቅ ለመጣ፤ አማላጅ ለማያውቅ ሰው ጋሻው ወረቀቱ ነውና። በእኔ አስተያየት ነገሩ እንደዚህ ነው፤ ወረቀቱ ባዳውን ከአድልዎ ይጠብቀዋል፤ ፊት ለፊት መተያየቱ ደግሞ በወረቀቱ ውስጥ ያለው ሰው ተረስቶ እንዳይቀር ያደርጋል። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው። በዘመናችን የጎደለው ግን ወረቀቱ አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ማታ አንድ ሽማግሌ ለቡና ጠሩኝ። እሳቱ ዳር ተቀምጠን ጨዋታ ስንጨዋወት፤ ስለ መሬታቸው ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የተመላለሱትን ነገር አነሡ። «ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ ልጄ» አሉኝ። «መመላለሱ አልነበረም የከፋኝ፤ እግሬ ለመንገድ የተፈጠረ ነው። የከፋኝስ ያ ልጅ በሦስቱም ጊዜ ቀና ብሎ አለማየቱ ነው። ወረቀቴን ተቀበለኝ፤ ወረቀቴን መለሰልኝ። ዛሬ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ አያውቀኝም፤ እኔ ግን የራስ ቅሉን እንኳ አውቀዋለሁ።»

በቤቱ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። እኔ ግን አብሬ ለመሳቅ አልቻልሁም። ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት በክረምት ወራት አንዲት ሴት ቀሚሷ በዝናብ ርሶ ወደ ቢሮዬ ገብታ ነበር። ያመጣችው ደብዳቤ ማኅተም ይጎድለዋል። ደንቡ ግልጽ ስለ ነበረ «ማኅተም የለውም፤ አስመትተሽ ተመለሺ» ብዬ ወረቀቱን መለስሁላት። ከየት እንደ መጣች አልጠየቅኋትም። በማግሥቱ ዘበኛው ሴትዮዋ በከተማው ዘመድ ስላልነበራት በቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ እንዳደረች ነገረኝ። ያን ደብዳቤ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ማኅተም ሊያርፍበት ይገባ የነበረው ባዶ ስፍራ አሁንም በዓይኔ ላይ አለ። የሴትዮዋን ፊት ግን አላውቀውም፤ አላየሁትምና።

በደንቡ መሠረት አላጠፋሁም። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ አይስተናገድም፤ ዛሬም ቢሆን ያው ነው። ነገር ግን ቀና ብዬ አይቻት ቢሆን ኖሮ መራሷን አያለሁ፤ መራሷን ካየሁ ከየት እንደ መጣች እጠይቃለሁ፤ ከጠየቅሁም በዚያው ቀን ማኅተሙን የምታገኝበትን ወይም የምታድርበትን መንገድ እፈልግ ነበር። ከደንቡ አንዲት መስመር እንኳ ሳይጣስ ይህ ሁሉ ሊደረግ ይቻል ነበር። የጎደለው ሕግ ሳይሆን አንድ የዓይን ቅንድብ ማንሣት ነበር።

ዛሬ ደግሞ ራሳችንን የምንሰውርበት ነገር በዝቷል። ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባለው አጭር ጊዜ በየኪሱ ገብቶ የሰውን ሁሉ ዓይን ወደ ታች ስቧል። አራት ጓደኛሞች ተማሪዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው አራቱም አንገታቸውን ደፍተው ሲታዩ፤ ያልተጣሉ ግን ያልተገናኙ ሰዎች ይመስላሉ። ለቅሶ መድረስ ቀርቶ «ነፍስ ይማር» የሚል ቃል በስልክ መላክ በቂ መስሏል። በትንሽ ከተማ ግን የዕድር ጡሩምባ በሌሊት ሲነፋ ሰው ከአልጋው ይነሣል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ የሚናገረው ቃል የለውም። መቀመጡ ራሱ ቃል ነው።

ስልክን ግን በጅምላ መንቀፍ ግፍ ይሆናል። በዚያው የቡና ጨዋታ ላይ የተገኙ አንዲት እናት ልጃቸው በዓረብ አገር በቤት ሥራ ተቀጥራ የምትኖር ናት። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ መልኳም በስልኩ መስተዋት ይታያል። «ይህስ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አሉ እናትየው። ቀጥለውም በረጅሙ ተንፍሰው «ፊቷን አያለሁ፤ ግን ከሳች አልከሳች ብዬ ክንዷን አልይዘው» አሉ። የዚህን መሣሪያ በጎነትና ጉድለት ከዚህ አሳጥሮ የሚናገር ሊቅ ያለ አይመስለኝም። ለሩቁ ሰው ትልቅ ጸጋ ነው፤ ክንዱን ልንይዘው የምንችለውን የቅርቡን ሰው ለመሸሽ የተጠቀምንበት ጊዜ ግን ጸጋውን ወደ ጥፋት ለወጥነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትልልቅ ከተሞቻችንን ወደ አንኮበር ለመለወጥ አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። በቀን መቶ ባለጉዳይ የሚቀበል ሹም ለእያንዳንዱ ገብሱንና ላሚቱን እየጠየቀ ሊውል አይችልም። ነገር ግን ባለጉዳይ በር ሲገባ እጅ ላይ ያለውን ስልክ አስቀምጦ ቀና ማለት፤ ስሙን ጠይቆ በስሙ መጥራት፤ ከየት እንደ መጣ ማወቅ፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የጎደለው ነገር ካለም አንዱን ዛሬ ሌላውን ነገ ከመናገር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዘርዝሮ ማስረዳት ከሦስት ቀን መንገድ ያድነዋል። እምቢ ማለት ግድ በሆነ ጊዜም ቢሆን፤ ምክንያቱን ፊት ለፊት በአፍ ነግሮ ማሰናበት ይገባል። በክብር የተነገረ እምቢታ በንቀት ከተሰጠ እሺታ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ተማሪዎች ደግሞ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት፤ የመንገዱን ሰላም አስቀድመው ጠይቀው፤ ወደ አንድ ጸጥተኛ ትንሽ ከተማ ቢሄዱ መልካም ነው። የግድ አንኮበር መሆን የለባትም። አገራችን ብዙ እንደዚህ ያሉ ከተሞች አሏት፤ ብዙዎቻችንም ወላጆቻችን የወጡባት አንዲት ትንሽ ከተማ ወይም መንደር አለችን። ሲሄዱ ግን ፎቶግራፍ አንሥቶ በማግሥቱ ለመመለስ መሆን የለበትም። የእኔ ሦስት ቀን ያስተማረኝ ይህን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሰው ተመልካች ነው፤ በሁለተኛው እንግዳ ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ግን «አንተስ የማን ልጅ ነህ? ምን ትሠራለህ? ምን አሳሰበህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከመጻሕፍት ሁሉ የማይገኘው ትምህርት የሚጀምረው መልስ ለመስጠት በሚቸገሩበት በዚያ ሰዓት ነው። ነገ ሹም፤ ሐኪም፤ መምህር፤ ዳኛ የሚሆን ወጣት፤ የሚያገለግለውን ሰው በቁጥር ሳይሆን በመልክ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ደብረ ብርሃን ለመመለስ መኪና ስጠብቅ፤ ሽማግሌው በብርዱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሊሸኙኝ መጡ። አዲስ አበባ ስደርስ የምልክላቸው ነገር እንዳለ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ምን ትልክልኛለህ ልጄ፤ ሁሉ አለን። በቀናህ ጊዜ መጥተህ ፊትህን አሳየን» አሉኝ። መኪናው ከተነሣ በኋላም ጉሙ እስኪሸፍናቸው ድረስ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

ነገ ሰኞ ነው። መሥሪያ ቤቶች ይከፈታሉ፤ ከሩቅ የመጣ ባለጉዳይም ወረቀቱን ይዞ በር ላይ ይቆማል። ወረቀቱን ከመቀበላችን በፊት ቀና ብለን ፊቱን እንየው።